ሃያኛው ሐሙስ

የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ ማህተሟን መሳቢያ ውስጥ ትታ ወጥታ አታውቅም። ሻይ ልትጠጣ ስትወጣም፣ እጇን ልትታጠብ ስትሄድም በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። መሳቢያዋ ቁልፍ እንዳለው የሚያውቁ መምህራን ይስቁባታል። እሷ ግን ቁልፉን የቀረጸው ሰው ስንት ቅጂ ለራሱ እንዳስቀረ በምን ታውቃለች?

ወደዚህ ሥራ ከመምጣቷ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት መርማሪ ነበረች። ፋብሪካው ያስተማራት፣ ሸሚዝ በደረቱ እንደማይታመን ነው። ደረቱንማ ማንም አሳምሮ ይሰፋዋል። የሰፊው አመል የሚታወቀው ልብሱ ሲገለበጥ ነው። ክሩ የት ላይ እንደተቋጠረ፣ የት ላይ እንደተቸኮለ፣ የት ላይ ሰፊዋ ቀና ብላ ከጎረቤቷ ጋር እንዳወራች ሳይቀር ውስጡ ይናገራል። ከዚያ በማታው ትምህርት ዲግሪዋን ያዘችና ሸሚዙን ለሌላ ትታ ልጆች መምከር ጀመረች፤ አመሉ ግን አብሯት መጣ። ወረቀት ሲሰጧት መጀመሪያ የምታየው ጀርባውን ነው። ተማሪው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ “እስቲ ገልብጠው” ትለዋለች። ልጆቹም ስሟን ትተው “እትዬ ገልብጠው” አሏት። ሰምታለች፣ አልተቀየመችም። ተማሪ ስም ከማውጣት የባሰ ሲያደርግም አይታለች።

የባሰውን ያየችው ባለፈው ዓመት ነበር። በትምህርት ቤቱ ደንብ አርባ ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ያልሰጠ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አይመረቅም። አንዱ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ መደርደሪያ ያስተካክላል፣ ሌላው መዋዕለ ሕፃናት ሄዶ አፍንጫ ይጠርጋል፤ ወረቀቱን አስፈርሞ ሲያመጣ አማካሪዋ ታትምለታለች። ታዲያ አምና አንድ ምላሱ ማር የሆነ ልጅ ከአንድ ክሊኒክ አርባ ሰዓት አሟልቶ አመጣ። ፊርማው ያምራል፣ የክሊኒኩ ማህተም ያምራል። አተመችለት። ችግሩ ክሊኒኩ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ማለፉ ነበር። ርዕሰ መምህሩ መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት “አማካሪያችን የታመመውን ብቻ ሳይሆን የሞተውንም ክሊኒክ ታሠራለች” አሉ፤ ሰው ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ ግን እስከ ዛሬ አልዋጠቻትም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል። በዚህ ዓመት ቅጹን ራሷ አዘጋጀችው። እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት የሚያገለግልበትን ቀን አስቀድሞ ይመርጣል፤ እሷም ለሃያው ሳምንት ሃያ ወረቀት ታወጣለታለች፣ ለእያንዳንዱ ጉብኝት ሁለት ሰዓት። ቀኑን ተማሪው እንዳይጽፈው ብላ በየወረቀቱ አናት ላይ በኮምፒውተር አስቀድማ አሳተመችው። ለአሠሪው የቀረለት የሥራውን ዓይነት መጻፍና መፈረም ብቻ ነው። በዚህች ብልሃቷ ለሳምንት ያህል ደረቷን ነፍታ ሄደች።

የምረቃው ዝርዝር ዓርብ ጠዋት ሊላክ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ሃያውን ወረቀት ይዛ ገባች። ዝምተኛ ናት። የነርስ ማሠልጠኛ ተቀብሏታል፤ የጎደላት ስሟ እዚያ ዝርዝር ላይ መስፈሩ ብቻ ነበር። ካልሰፈረ ቦታው ለሌላ ይሰጥና እሷ ዓመት ትጠብቃለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጆቿን ወዲያው የሹራቧ እጅጌ ውስጥ ደበቀቻቸው። አማካሪዋ ይህን አየች። እጁን የሚደብቅ ሰው ሌላም ነገር ሳይደብቅ አይቀርም።

ይህችን ልጅ ድሮም ልቧ አልተቀበላትም። ከወራት በፊት ስለ ትምህርት ምርጫዋ ልታማክራት አስቀምጣት ልጅቷ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዴ ሰዓቱን አንዴ በሩን ስታይ ነበር። አማካሪዋ የተናገረችው ሁሉ በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። የዚያን ዕለት ማስታወሻ ደብተሯ ላይ “ታፈገፍጋለች፤ የምትደብቀው ነገር አላት” ብላ ጽፋ ከሥሩ አስምራበታለች።

ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረች። ቦታው የአረጋውያን መጦሪያ። ሥራው “ልብስ ማጠብና ማጠፍ”፣ ሃያ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት እጅ፣ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ እስክሪብቶ። እስክሪብቶ በአምስት ወር ውስጥ አንዴ እንኳ አያልቅም? አይጠፋም? አንደኛውን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አደረገችው። ፈራሚው ክንደ ብርቱ ነው፤ ፊርማው ከወረቀቱ ጀርባ አብጦ ይታያል። ሁለተኛውን አነሳች። በላዩ ካለው ፊርማ ጎን ቀለም የሌለው ሌላ ፊርማ ተጫጭኖ ይታያል፤ የአንደኛው ነው። በሦስተኛው ላይ የሁለተኛው ጫና አለ፣ በአራተኛው ላይ የሦስተኛው፤ እንዲህ እያለ እስከ ሃያ ወረደ። ወረቀቶቹ ተደራርበው፣ አንዴ ቁጭ ተብሎ፣ በአንድ ቀን የተፈረሙ ናቸው።

“ማን ነው የፈረመልሽ?” አለቻት፣ ድምፅዋን ሳትቀይር።

“እማማ አረፋ ናቸው።”

“እማማ አረፋ ማናቸው?”

“የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራቸው።”

“በየሳምንቱ ነው የፈረሙልሽ?”

ልጅቷ ዝም አለች። አማካሪዋ ዝምታን እንደ ስፌት ታነባለች፤ በዚህች ዝምታ ውስጥ ቋጠሮ አለ። ማህተሙን ስትጠብቅ የነበረችው ልጅ ወረቀቱ ወደ መሳቢያ ሲገባ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። እስከ ነገ ማጣራት እንዳለባት ነገረቻት። ልጅቷ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ “ሠርቻለሁ እኮ ቲቸር” አለች፣ በለሆሳስ። አምና ያ ማር ምላስም ይህንኑ ብሎ ነበር፤ እንዲያውም እሱ እንባ ጨምሮበታል።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ለባሏ አወራችው። ባሏ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። እጁን አራት ጊዜ ታጥቦም ጥፍሩ ሥር ዘይት አይጠፋም፤ ነገርም በሱ ቤት የሚታየው እንደ ሞተር ነው። እያኘከ አዳመጣትና አንድ ብሎን ላልቷል ብላ ሞተሩን ሁሉ እንዳትፈታ መከራት። የላላው አንድ ብሎን ሳይሆን ሃያ መሆኑን ነገረችው። ዳቦውን አንስቶ ሊቆርስ ሲል ቆም አለና ገልብጦ አሳያት፤ “በይ እሱንም እይው፣ እኔ እንዳልሰረቅሁት” አላት። ሳቀች፤ ሐሳቧ ግን መጦሪያው ነበር።

ሐሙስ የመጨረሻዋን ቀጠሮ ሰርዛ ልጅቷ ከክፍል ሳትወጣ ቀድማት ለመድረስ ተቻኮለች። ልጅቷ ቀድማ ከሴትዮዋ ጋር ቃሏን ካስማማች ምርመራው አለቀለት። ሃያውን ወረቀት፣ ማስታወሻ ደብተሯንና እንደ ልማዷ ማህተሙን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች።

የመጦሪያው በር ላይ ዘበኛው ትልቅ የእንግዳ መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። አስመዝግቧት ሲያበቃ የሐሙሶቹን ገጽ እንዲያሳያት ጠየቀችው። የጎብኚዎችን ስም በጣቷ እየተከተለች ሃያ ሐሙስ ወደ ኋላ ሄደች። የልጅቷ ስም አንድም ቦታ የለም። ምናልባት ሳይጻፍ የሚገባ ሰው ይኖር እንደሆነ ዘበኛውን ጠየቀችው።

“እዚህ ያልተጻፈ ዝንብም አልገባም” አላት፣ በኩራት።

እጅ ከፍንጅ ማለት ይኼ ነው። ቢሆንም ፈራሚዋን ሳታይ አትመለስም፤ ማነው ሃያ ጊዜ የዋሸው?

ልብስ ማጠቢያው ከሕንፃው ጀርባ ነው። ከበሩ ሲደርሱ እንፋሎቱ ፊት ይመታል፣ የበረኪናው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። ሁለት ማጠቢያ ማሽኖች አሉ፤ አንደኛው ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ከተበላሸ ቆይቶ የልብስ ቅርጫት ማስቀመጫ ሆኗል። ገንዳው አጠገብ አንዲት አጭር አሮጊት እስከ ክርናቸው አረፋ ውስጥ ገብተው ይፈትጋሉ። እማማ አረፋ ለመሆናቸው ጠያቂ አያስፈልግም ነበር።

አማካሪዋ ማንነቷን ነግራ ወረቀቶቹን ከቦርሳዋ አወጣች። ሴትዮዋ ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉና ውሃው ሲንጠባጠብ አይተው መልሰው ሰበሰቡት። ፊርማው የሳቸው መሆኑን ከሩቅ አይተው አመኑ። በአንድ ቀን መፈረሙንም አመኑ፣ ያውም ሳይጨነቁ። ባለፈው ሳምንት ማሽኑ ቆሞ እጃቸው ሲደርቅ ቁጭ ብለው ሃያውንም እንደጨረሱት ተናገሩ።

“አንቺ ልጅ፣ የኔ እጅ መቼ ደርቆ ነው በየሳምንቱ የምፈርመው?” አሉ። “አንዱን ወረቀት ገና መጀመሪያ ላይ በእርጥብ እጄ ብይዘው ገንፎ ሆኖ ልጅቷ ሌላ ቅጂ ከትምህርት ቤት ለምና አመጣች።”

“ታዲያ መምጣትና አለመምጣቷን በምን ያውቁታል? መዝገቡ ላይ እኮ የለችም።”

“የትኛው መዝገብ? የዘበኛው?” ሴትዮዋ በአገጫቸው ወደ ጓሮ በር አመለከቱ። “እኛ የምንገባው በዚያ፣ ከልብስ ጋሪው ጋር ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በሱ መዝገብ ከሆነ አንድ ቀንም አልገባሁም።”

አማካሪዋ ወደ ጓሮው በር ዞር አለች። በሩ ሰፊ ነው፣ ክፍት ነው፣ ዘበኛ የሚባል ነገር አያውቀውም። ዝንቡም የሚገባው በዚህ መሆን አለበት። ጥርጣሬዋ አንድ እግሩ ተሰበረ፤ ሌላው እግሩ ግን ቆሟል። ሴትዮዋ ለልጅቷ አዝነው ቢሆንስ? ደግ አሮጊት ከሌባ ይበልጥ ያሳስታል።

ልክ በዚህ መሐል ልጅቷ በጓሮው በር ገባች። አማካሪዋን ስታይ ደረቀች። አማካሪዋም በልቧ፣ ቃል ልታስማማ ነው የመጣችው፣ ሰዓቷን ከጨረሰች ዛሬ ምን ትሠራለች፣ አለች። ጠየቀቻት። ልጅቷ ሐሙስ የአንሶላ ቀን መሆኑን፣ አንሶላ ደግሞ ለብቻ እንደማይታጠፍ መለሰች። ይህን ብላ ከሚስማር ላይ ሽርጥ አውርዳ ልትታጠቅ እጇን ከእጅጌዋ አወጣች። ጣቶቿ ቀልተዋል፣ መገጣጠሚያቸው ላይ ተሰነጣጥቋል። በረኪና የበላው እጅ ነው። ፋብሪካ የዋለ ሰው ይህን እጅ አይስተውም። ያም ሆኖ፣ እጅ መሥራቱን ይናገራል እንጂ ስንት ሰዓት እንደሠራ አይናገርም።

“በምን ታውቂያለሽ አልሽኝ?” አሉ እማማ አረፋ። “በሽርጧ ነዋ። አሳዪያት እስቲ፣ ልጄ።”

እዚያ ቤት ሁሉም ነገር በክር ነው የሚታወቀው። የሽማግሌዎቹ ልብስ እንዳይቀላቀል እማማ አረፋ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ የአልጋውን ቁጥር ያህል ይወጉበታል፤ የሰባተኛው አልጋ ፒጃማ ሰባት ስፌት፣ የአራተኛው አራት። ለልጅቷም ሽርጧ ላይ በመጣች ቁጥር፣ ሥራ ስትጨርስ፣ አንድ ቀይ ስፌት ወግተውላታል። ከዚያ ሽርጡ ከሌላው ልብስ ጋር ይታጠባል፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ ይሰቀላል።

አማካሪዋ ሽርጡን ተቀበለች። ጠርዙን ገለበጠችው። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ ከፋብሪካው ከወጣች ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልያዘችም ነበር። ክሩ ርካሽ ነው፣ ቀለሙ በየእጥበቱ ይለቃል። በቀኝ በኩል ያለው የመጨረሻው ስፌት እንደ ደም ቀይ ነው። ቀጥሎ ያለው ትንሽ ፈዘዝ ይላል፤ እንዲህ እያለ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ሮዝ፣ ከሮዝ ወደ ነጭ ይቀርባል። የመጀመሪያው በጣት ካልተዳሰሰ አይታይም። እያንዳንዱ ቋጠሮ ለብቻው ነው፤ አንዱ ጠብቋል፣ አንዱ ላልቷል፣ አንዱ በድካም ጠምዘዝ ብሏል። ይህን ማንም በአንድ ቀን ቁጭ ብሎ ሊፈበርከው አይችልም። ፊርማ ይደራረባል፤ እጥበት ግን ሳምንቱን ጠብቆ ነው የሚመጣው።

እፎይ ልትል ነበር። ከልማድ የተነሳ ግን ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ። በጥፍሯ ጫፍ እየነካች እንደገና ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ።

“ሃያ ወረቀት ነው የፈረሙት” አለች ቀስ ብላ። “እዚህ ያለው አሥራ ዘጠኝ ነው።”

እማማ አረፋ ፊታቸው ተለወጠ። ወረቀቶቹ ላይ ቀኑ ታትሞ እንደመጣ፣ ሳምንቱ ሃያ፣ ወረቀቱም ሃያ ስለሆነ ሃያውንም እንደፈረሙ ተናገሩ። የታተመ ነገር ይሳሳታል ብለው አላሰቡም። አማካሪዋ ደረቷን የነፋችበት ብልሃት ትዝ አላትና ጆሮዋ ጋለ። ቀኑን ተማሪው ቢጽፈው ኖሮ ያልመጣችበት ሐሙስ ባዶ ይቀር ነበር።

ወደ ልጅቷ ዞረች። “የትኛው ሐሙስ ነው የቀረሽው?”

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች መለሰች።

“እርስዎ ጋ የነበርኩበት ነው።”

አማካሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለበጠች። ሐሙስ፤ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ፤ የትምህርት ምርጫ። ከሥሩ በራሷ እጅ፦ “ታፈገፍጋለች፤ የምትደብቀው ነገር አላት።” ያሰመረችበት መስመር እንኳ አልፈዘዘም። ያን ቀን ልጅቷ በሩን ስታይ የነበረው እዚህ ለመድረስ ነው። በእሷ ምክርና በሰዓቱ መሐል ተቀምጣ፣ እማማ አረፋ አንሶላውን ለብቻቸው እየጎተቱ መሆኑን እያሰበች ነበር።

“ለምን አልተናገርሽም?”

“ቲቸር ሲናገሩ አይቋረጥም።”

“ያኔስ ይሁን። ትናንት ወረቀቱን ስትሰጪኝ አንዱ ትርፍ መሆኑን ታውቂ ነበር?”

እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር፤ ረስቼው ነው ብትል ማንም የሚያጣራው የለም።

“አውቅ ነበር” አለች ልጅቷ። “አርባ ካልሞላ አላትምም ብለዋል። ስሜ ዝርዝሩ ላይ እንዳይቀር ፈራሁ።”

እማማ አረፋ የሁለት ሰዓት ነገር ሰው ያስቀጣል ወይ ብለው ሊማልዱ ጀመሩ። አማካሪዋ በእጇ አስቆመቻቸው። ሁለት ሰዓት ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ስፌት የጎደለው ሸሚዝ ይለበሳል፤ ግን የጎደለው ስፌት ካለበት ነው መተርተር የሚጀምረው። እንደዚያም ሆኖ፣ ስፌቱን ያጎደለችው ማን እንደሆነች ደብተሯ ላይ ተጽፏል።

ከሃያው መሐል የዚያን ሐሙስ ወረቀት አወጣች። የታተመውን ቀን በእስክሪብቶ ሰረዘችው፣ ፊርማውንም ሰረዘችው፣ ከጎናቸው ምክንያቱን ጻፈችና የራሷን ፊርማ አኖረችበት፤ ከላይ የዛሬውን ቀን ጻፈች። የግድግዳውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው።

“እስከ አሥራ አንድ ተኩል” አለቻት። “እኔም አልሄድም።”

ልጅቷ ሽርጧን ታጠቀች። አማካሪዋ መጀመሪያ ወንበር ፈልጋ ልትከታተል ነበር፤ ወንበር ግን የለም፣ ያለው የተበላሸው ማሽን ነው፣ እሱም ላይ ቅርጫት አለ። ቆማ ስታይ እማማ አረፋ ከሚስማሩ ላይ ሌላ ሽርጥ አውርደው ሳይጠይቋት ወረወሩላት፤ ዛሬ አንሶላው ብዙ ነው፣ የሳቸውም ወገብ አንድ ነው። የሚቀጥለውን ሁለት ሰዓት የአንሶላውን አንዱን ጫፍ ልጅቷ፣ ሌላውን ጫፍ አማካሪዋ ይዘው ሲወጥሩ፣ ሲያጥፉ፣ ሲወጥሩ ዋሉ። ብዙ አልተነጋገሩም። አንዴ ብቻ ልጅቷ፣ አማካሪዋ ከማጠፏ በፊት የእያንዳንዱን አንሶላ ጀርባ እንደምታይ አስተውላ ፈገግ አለች። ልትደብቀው ሞከረች፣ አልቻለችም።

አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን እማማ አረፋ እጃቸውን በፎጣ አደረቁ። ጣት በጣት፣ ጊዜ ወስደው። ቁጭ ብለው ያቺን አንድ ወረቀት ፈረሙ። አማካሪዋ ከቦርሳዋ የጨርቅ ከረጢቱን አውጥታ ማህተሙን ፈታችው። የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አሥራ ዘጠኙን አንድ በአንድ አተመች። ሃያኛዋን መጨረሻ ላይ አተመችና ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችባት። ዝርዝሩን ነገ ጠዋት ራሷ እንደምትወስደው፣ ለሌላ ሰው እንደማትሰጠው ለልጅቷ ነገረቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

እማማ አረፋ መርፌያቸውን አምጥተው የልጅቷ ሽርጥ ላይ ሃያኛውን ወጉ። ከዚያ ክሩን ሳይቆርጡ አማካሪዋን ባለችበት ያዟትና የተዋሰችው ሽርጥ ጠርዝ ላይ አንድ ስፌት ወግተው ቋጠሩ።

አማካሪዋ ሽርጡን ፈታች። ልትሰቅለው እጇን ወደ ሚስማሩ ዘረጋችና ቆም አለች። ጠርዙን ገልብጣ ቋጠሮውን ጎተት አድርጋ አየችው። ጥብቅ ነበር። ሰቀለችው።